«እኔ ደህና ነኝ» የምትለዋን ሴት እንያት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሞርሲቶ፣ በመጀመሪያ ዕርዳታ ቡድናችን ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተሰጠን ርእስ በድንገተኛ አደጋ የተጎዳን ሰው እንዴት መለየትና መርዳት እንደሚቻል ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ከመካከላችን አንዷ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የቀረነው ቆጮ የምንሸጥ፣ ዶሮ የምናረባ፣ ሻይ የምናፈላ ሴቶች ነን። የምንነግራችሁ ግማሹን ከሥልጠና፣ ግማሹን ደግሞ ከራሳችን ስሕተት የተማርነውን ነው። ከስሕተቱ እንጀምር፤ እስከ ዛሬ በአደባባይ አልተናገርነውምና።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ያሆዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። መንገዱ በገበያተኛና ለበዓል ወደ ቤቱ በሚገባ ሰው ተጨናንቋል። ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስንመለስ፣ እናትና ልጅ የጫነ ሞተረኛ ከአይሱዙ ጋር ላለመጋጨት ሲሸሽ ከመንገድ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ሮጠን ደረስን። ልጅቷ ቅልጥሟ ተሰብሮ ትጮኻለች። ሞተረኛው ግንባሩ ተፈንክቶ ፊቱ ደም በደም ሆኗል። እናትየዋ ግን በራሷ እግር ከቦዩ ወጥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጣለች። አንድ ጠብታ ደም አይታይባትም።

«እቴ፣ ተጎዳሽ እንዴ?» አልናት።

«እኔ ደህና ነኝ፤ ልጄን እዩልኝ» አለች።

አመንናት። ሁላችንም ልጅቷን ከበብናት። እናትየዋ ውኃ ጠየቀችን፤ ሰጠናት። ጥቂት ቆይታ ደገመች፤ ደገምንላት። «በረደኝ» አለች፤ ጋቢ ጣል አደረግንባትና የድንጋጤ ነው አልን። ግንባሯ በላብ ሲርስ አየን፤ የመንገዱ ድካም ነው አልን። ከተቀመጠችበት ተነሥታ መልሳ ስትቀመጥ፣ እንደገና ስትነሣ አየናት፤ ልጇ አሳስባት ነው አልን። የመጣውን መኪና ለልጅቷና ለሞተረኛው ሰጠን። እሷ «ለእኔ የሚቀጥለው ይደርሳል» አለች። የሚቀጥለው ደረሰ፤ ልትሳፈር ስትነሣ ግን ወደቀች። ሆስፒታል ሳትደርስ ዐረፈች።

ልጅቷ ዛሬ በሁለት እግሯ ትሄዳለች። ሞተረኛው ግንባሩ ላይ የስፌት ምልክት ብቻ ቀርቶበታል። ነርሷ አባላችን በዕለቱ አብራን አልነበረችም። በኋላ የሆነውን ስንነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ሆዷ ውስጥ እየደማች ነበር» አለችን። ጥማቱ፣ ብርዱ፣ ላቡ፣ መቁነጥነጡ፣ ሁሉም ምልክት ነበር። ሁሉንም በዓይናችን አይተናል፤ ለሁሉም ግን የተሳሳተ ስም ሰጥተነዋል።

የመጀመሪያ ዕርዳታ ቡድናችን የተቋቋመው ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ደም ሲጎድል ሰውነት የሚያደርገው

አንድ ጎልማሳ ሰው በሰውነቱ ውስጥ አምስት ሊትር ገደማ ደም አለው። ዘይት የምንገዛባት ትንሿ ጀሪካን ማለት ናት። ከዚህ ውስጥ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ቢፈስ፣ ጤነኛ ሰው ላይ ብዙም ምልክት ላይታይ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ግን ሰውነት የሚያደርገውን እኛ የቁጠባ ቡድን ሴቶች በደንብ እናውቀዋለን። ሣጥኑ ሲጎድል መጀመሪያ ልብስ መግዛት እንተዋለን፤ ቀጥሎ የሥጋ ወጪ እንቀንሳለን፤ የልጆቹን እንጀራ የምንነካው መጨረሻ ላይ ነው። ሰውነትም እንደዚሁ ነው። ደም ሲያንሰው ከቆዳ፣ ከእጅና ከእግር ይቀንስና ለልብና ለአንጎል ያቆያል። እጅ የሚቀዘቅዘው፣ ከንፈር የሚገረጣው፣ ቆዳ በቀዝቃዛ ላብ የሚርሰው ለዚህ ነው። ልብ የቀረውን ደም ቶሎ ቶሎ ለማዳረስ ሩጫ ይጀምራል። ትንፋሽም ይፈጥናል።

ሰውየው ይህ ሁሉ እየሆነበት ቁጭ ብሎ ሊያወራ ይችላል። የሚያታልለውም ይኸው ነው። ወጣትና ጤነኛ ሰው ብዙ ደም እስኪያጣ ድረስ ይቋቋማል፤ መቋቋሙ ሲያበቃ ግን በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን ስለሚጨምር፣ ምልክቱ እሷ ላይ ዘግይቶ ነው የሚታየው። እሷ ሳታስታውቅ ፅንሱ አስቀድሞ ሊጎዳ ይችላል።

ደሙ ሁልጊዜ ውጭ አይፈስም። ሆድ ውስጥ ጣፊያና ጉበት አሉ፤ ሁለቱም በምት ይቀደዳሉ። ወባ ደጋግሞ የያዘው ሰው ጣፊያው አብጦ ሊሆን ስለሚችል በቀላሉ ይጎዳል። ደረት ውስጥም ደም ይጠራቀማል። የተሰበረ ዳሌ ብዙ ደም ይውጣል። ቆዳው ሳይቀደድ የጭን አጥንት ብቻ ቢሰበር እንኳ አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም እዚያው ጭን ውስጥ ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ «ደም የለበትም» ማለት «አይደማም» ማለት አይደለም።

ምልክቶቹን በቃላችሁ ያዙልን፤ ቀዝቃዛና ላብ ያለው ቆዳ፣ የገረጣ ከንፈርና መዳፍ፣ ጥማት፣ ፈጣን ትንፋሽ፣ መቁነጥነጥ ወይም መፍዘዝ፣ ያበጠ ወይም የጠጠረ ሆድ፣ ያለ ምክንያት የሚያም የግራ ትከሻ። የመጨረሻው እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ጣፊያ ሲደማ ግን ሕመሙ ትከሻ ላይ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ከሁሉ የሚቀለው የእጅ ትርታ መቁጠር ነው። በአውራ ጣታችሁ ሳይሆን በሁለት ጣታችሁ፣ ከአውራ ጣቷ በታች የእጅ አንጓዋን ያዙ። በስልክ ሰዓት 15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። ዐረፍ ብላ ከተቀመጠች በኋላም ከ100 ካልወረደ ተጠንቀቁ፤ 120 ካለፈ መኪናው ውስጥ መጀመሪያ የምትገባው እሷ ናት።

የሚጮኸውና ዝም ያለው

በአደጋ ቦታ ሁላችንም ወደ ጩኸቱ እንሮጣለን። ልብ ያለው ሰው እንዲያ ያደርጋል፤ አንወቀስበትም። ነገር ግን የሚጮኽ ሰው ቢያንስ የአየር መንገዱ ክፍት ነው፤ ሳንባው ይሠራል፤ አንጎሉም ነቅቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ዝም ያለውን እንየው።

በዓለም ያሉ ሐኪሞችም ይህን ቅደም ተከተል ያገኙት በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ጄምስ ስታይነር የሚባል አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ቤተሰቡን ይዞ ራሱ በሚያበራት ትንሽ አውሮፕላን ሲጓዝ ነብራስካ በሚባለው ግዛት እርሻ ላይ ተከሰከሰ። ሚስቱ ወዲያው ሞተች፤ ከአራቱ ልጆቹ ሦስቱ ክፉኛ ተጎዱ። በመንገደኛ መኪና ወስዶ ያደረሳቸው የገጠር ሆስፒታል እንዲህ ያለ አደጋ እንዴት እንደሚታከም የሠለጠነ ሰው አልነበረውም። እሱም ከዚያ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሐኪም ሁሉ በአንድ ሥርዓት የሚከተለው ትምህርት አዘጋጀ። የመጀመሪያው ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1978 ተሰጠ፤ ዛሬ በብዙ አገር ይሰጣል። በአገራችንም የድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ትምህርት ሆኖ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ2003 ዓ.ም. ተጀምሯል።

ሥርዓቱ አጭር ነው፤ ቶሎ የሚገድለውን አስቀድሞ ማከም። እኛ በራሳችን ቋንቋ እንዲህ ብለን እናስተምረዋለን፦

በመጀመሪያ፣ ቦታው ለራሳችን ሰላም ነው ወይ? መኪና የሚያስቆም ሰው መንገዱ ላይ ይቁም። እጃችን ላይ ጓንት፣ ጓንት ከሌለ ንጹሕ ፌስታል ይግባ።

እየተንዠቀዠቀ የሚፈስ ደም ካለ ወዲያው ይታፈን።

ቀጥሎ አፍና ጉሮሮ። ደም፣ ጥርስ፣ ትውከት ዘግቶት እንደሆነ የሚታየው ይወገድ። ራሱን የሳተ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ያንቀዋል፤ መንጋጋውን ወደ ፊት ገፋ አድርጋችሁ ያዙለት።

ከዚያ ትንፋሽ። ደረቱ በሁለቱም በኩል እኩል ይነሣል? የወጋው ነገር አለ? ቢላዋ ወይም እንጨት እንደተሰካ ከሆነ አትንቀሉት፤ ደሙን የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል። እንዳይነቃነቅ ዙሪያውን በጨርቅ ደግፋችሁ ውሰዱት።

ከዚያ የተደበቀው ደም፤ ቅድም የነገርናችሁ ትርታ፣ ቆዳ፣ ሆድ።

ከዚያ ንቃቱ። ስሙን ያውቃል? ቀኑን ይናገራል? አደጋው ሲደርስ ራሱን ስቶ የነበረ፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ የዓይኑ ብሌን አንዱ ሰፍቶ አንዱ የጠበበ ሰው አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ራሱን ስቶ ነቅቶ፣ ቤቱ ገብቶ ቡና ጠጥቶ፣ ማታ «ደከመኝ» ብሎ ተኝቶ በዚያው የሚቀር ሰው አለ። «ነቅቷል፣ ተርፏል» ብላችሁ አትተዉት።

በመጨረሻም ልብሱን ገለጥ አድርጎ ጀርባውን ጭምር ማየት፣ ወዲያውም መሸፈን። እዚህ ላይ ስለ ሴቶች አንድ ነገር እንበል። በመንገድ ዳር ሴትን ገልጦ ማየት ነውር ነው ተብሎ ብዙ ጉዳት ሳይታይ ይቀራል። እኛ ነጠላችንን ዘርግተን እንደ ድንኳን እንከልላታለን፤ ውስጥ አንዷ ታያታለች። ከብርድ መሸፈኑም ለይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ ሰውነቱ የቀዘቀዘ ሰው ደሙ ቶሎ አይረጋም።

እጃችን፣ ነጠላችንና ቃጫችን

የሚፈስ ደም ሲያጋጥም ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ እጅ ነው። ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በመዳፋችሁ፣ በክንዳችሁ ክብደት ተጫኑት። ቆመ ወይ እያላችሁ በየደቂቃው አትክፈቱት፤ ሊረጋ የጀመረውን ታስነሡታላችሁ። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርቡበት። ቡና፣ አፈር፣ ትምባሆ አትጨምሩበት፤ ቁስሉን ያመረቅዛል፤ ደሙን የሚያቆመው መጫኑ ነው።

ክንድ ወይም እግር ላይ ሆኖ መጫኑ አልበቃ ካለ፣ ከቁስሉ በላይ አራት ጣት ያህል ከፍ ብላችሁ፣ መገጣጠሚያ ሳትነኩ፣ ሰፊ ጨርቅ እሰሩ። ቋጠሮው ላይ እንጨት አግብታችሁ ደሙ እስኪቆም አጥብቃችሁ አዙሩና እንጨቱን እሰሩት። እዚህ አገር ሰው ቶሎ የሚያገኘው ቃጫ ነው። ቃጫ ብዙ ነገር ያሥራል፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ቀጭን ገመድ ሥጋና ነርቭ ይቆርጣል። ነጠላ፣ መቀነት ወይም የተቀደደ አንሶላ ቢያንስ ሦስት ጣት ስፋት ይኑረው። የታሠረበትን ሰዓት ጻፉ፤ ግንባሩ ላይም ቢሆን ጻፉት። አንዴ ከታሠረ መንገድ ላይ አትፍቱት፤ ሐኪም ይፍታው።

ስለ ስብራት ስናነሣ ወጌሻዎቻችንን ሳናነሣ አናልፍም። ወጌሻ የእኛው ሰው ነው፤ ሌሊት ቢጠሩት ይመጣል፤ ብዙ ውልቃት መልሷል። የተሰበረን እግር በቀርከሃ ስንጣቂ አጥብቆ ሲያሥር ግን እብጠቱ ቦታ ያጣል፤ ደም መሄድ ያቆማል፤ ጣቶቹ ይጠቁራሉ፤ በመጨረሻም እግሩ ይቆረጣል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚደርሰው ሕፃናት ላይ ነው። ጎረቤታችን ጉራጌ በሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞች ከሃያ ዓመት በፊት ይህን አይተው ወጌሻዎቹን አልከሰሱም፤ ጠርተው የአንድ ቀን ትምህርት ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር ቀነሰ። እኛም ያንኑ መንገድ ነው የምንከተለው። ወጌሻዎቻችንን ጠርተናል፤ ቡና አፍልተን አብረን ተቀምጠናል። የተስማማንበት ይህ ነው፤ አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ ከወጣ፣ ጭን ወይም ዳሌ ከሆነ፣ ወይም ክንዱ ጣቶቹን ካደነዘዘ ወጌሻው ራሱ «ወደ ሐኪም» ይላል። የተሠረ ክንድ ወይም እግር ካለ ደግሞ እናትየዋ ጣቶቹን ጠዋትና ማታ ታያለች። ጥፍሩን ተጭና ስትለቀው ወዲያው ካልቀላ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ፣ ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ፣ የሌሊት ሰዓት ቢሆንም ማሠሪያው ይፈታል፤ ልጁም ሐኪም ዘንድ ይሄዳል።

ስለ ማጓጓዝ አጭር ቃል። የወደቀን ሰው ብብቱንና እግሩን ይዞ አንጠልጥሎ ባጃጅ ውስጥ ማጠፍ የተጎዳ አንገትንና ጀርባን ይጨርሳል። አባቶቻችን በሽተኛ በቃሬዛ ሲያወጡ ኖረዋል፤ እድሮቻችን ዛሬም አላቸው። አንዷ ጭንቅላቱን ከአካሉ ጋር በአንድ መስመር ትያዝ፤ ሦስታችሁ በአንድ ቃል እንደ ግንድ አዙራችሁ ቃሬዛው ላይ አውጡት። ነፍሰ ጡርን ወደ ግራ ጎኗ ዘንበል አድርጓት፤ ማሕፀኗ ትልቁን የደም ሥር እንዳይጫነው። እባካችሁ ውኃም ሆነ ምግብ አትስጡ። የሚጠማት ደም ስላነሳት ነው፤ ውኃው አይተካላትም፤ ቀዶ ሕክምና ካስፈለጋት ደግሞ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ሰመመን ስትወስድ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ አብሱላት። እኛ ያኔ ሁለት ጊዜ ያጠጣነው ውኃ ዛሬም ይቆጨናል።

ሰዓቱና አንዲት ጃፓናዊት

ለምን እንደምንጣደፍ በአንዲት ሴት ታሪክ እንንገራችሁ። ኡታኮ ኦካሞቶ ጃፓናዊት ሐኪምና ተመራማሪ ነበረች። ሴት ተመራማሪ በማይከበርበት ዘመን ልጇን አዝላ ቤተ ሙከራ ትሠራ ነበር። ከባሏ ከሾሱኬ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1962 ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለውን መድኃኒት አገኘች። የረጋ ደም መልሶ እንዳይቀልጥ የሚያደርግ ነው። የእሷ ዓላማ ከወለዱ በኋላ ደም ፈሷቸው የሚሞቱ እናቶችን ማትረፍ ነበር። ለረጅም ዘመን በሚገባው መጠን የመረመረላት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 በ40 አገሮች ከ20,000 በላይ የአደጋ ተጎጂዎች ላይ የተደረገ ጥናት መድኃኒቱ ነፍስ እንደሚያድን አሳየ። በ2017 ደግሞ በወላድ እናቶች ላይ የተደረገው ጥናት ከወሊድ በኋላ በደም መፍሰስ የሚደርስን ሞት እንደሚቀንስ አረጋገጠ። እሷ ከዚያ በፊት፣ በ2016፣ በ98 ዓመቷ ዐርፋለች።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚሆነን አንድ ቁጥር ነው፤ ሦስት ሰዓት። መድኃኒቱ ለአደጋ ተጎጂ የሚጠቅመው ጉዳቱ በደረሰ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው፤ በፈጠነ ቁጥርም የበለጠ ይጠቅማል። ከዚያ ካለፈ አይጠቅምም፤ ሊጎዳም ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብሎ ነው። አደጋው የደረሰበትን ሰዓት ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ። መኪና ስንጠብቅ፣ ዘመድ ስናማክር፣ ገንዘብ ስንበደር የሚሄደው ሰዓት ከዚያችው ሦስት ሰዓት ላይ የሚቀነስ ነው።

መድኃኒቱ የፈሰሰውን ደም አይመልስም። ደም የሚመልሰው ሰው ብቻ ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል፤ የሚወሰደው ግማሽ ሊትር አይሞላም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትሰጥም። ባሎቻችሁንና ወንድሞቻችሁን ግን ላኩልን።

ሆሳዕና ያለው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም ነው የሚጠራው። የሐድያ ልጅ ሆና የዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት የነበረችው እሌኒ ማለት ነው። በሴት ስም ወደሚጠራ ሆስፒታል ሴት በሰዓቷ ልትደርስ ይገባታል እንላለን።

«ደህና ነኝ» ለምን ትላለች?

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ሴት እንመለስ። ያቺ እናት «ደህና ነኝ» ያለችው ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ተነጋግረንበታል። አንደኛ፣ እናት ናት፤ ልጇ ትቅደም። ሁለተኛ፣ ልጆች ሳለን ጀምሮ የተማርነው ቃል ነው፤ አመመኝ የምትል ሴት ሞልቃቃ ትባላለች። ሦስተኛውን የነገረችን ልጇ ናት። እናቷ መቀነቷ ውስጥ የነበረው ብር ለአንድ ሰው ሕክምና እንኳ እንደማይበቃ ታውቅ ነበር። «ደህና ነኝ» ያለችው ሒሳብ ሠርታ ነው።

ስለዚህ ምልክቱን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ሒሳቡንም ማቅለል አለብን። ለዚህ ሦስት ነገር አድርገናል።

አንደኛ፣ ሕጉን አስተምረናል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ አዋጁ ሲወጣ የተወሰነው መጠን እስከ 2,000 ብር ነበር። ያደረሰው መኪና ቢጠፋ እንኳ ለዚህ የተቋቋመ ፈንድ አለ። ገንዘቡ ብዙ እንደማይሄድ እናውቃለን፤ በሩን ለማለፍ ግን ይረዳል። ሰሌዳውን ያዙ፤ ለፖሊስ አስመዝግቡ፤ ይህን የሚያደርገው ግን ሌላ ሰው ይሁን፤ ተጎጂው ፖሊስ ሲጠብቅ አይቆይ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። የወረዳውንም ቁጥር ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። አምቡላንሱ ወላድ ሊያመጣ ሄዶ ከሆነ ቆማችሁ አትጠብቁ፤ ያገኛችሁትን መኪና አስቁሙ።

ሁለተኛ፣ አባሎቻችን ከየቤተሰባቸው ጋር አስቀድመው ተስማምተዋል። «ባለቤቴ ይምጣ»፣ «አማቼ ይወቁ» እየተባለ የሚጠፋ ሰዓት እንዳይኖር፣ አደጋ ሲደርስ ማኅበሩ ሳይጠይቅ እንዲወስዳት ባልም ሚስትም ፈርመዋል።

ሦስተኛ፣ ከየሳምንቱ ቁጠባችን ላይ ጥቂት እየቀነስን የአደጋ ሣጥን ከፍተናል። ለመኪናና ለመጀመሪያው ወጪ ብቻ ነው፤ ብድር አይደለም፤ ወለድም የለውም።

ባለፈው ዓመት በዚህ ሣጥን «ደህና ነኝ» ያሉ ሦስት ሰዎችን እያጉረመረሙ ወስደናል። አንዷ ከባጃጅ የወደቀች፣ አንዷ በሬ የወጋት፣ አንዱ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ቅርንጫፍ የመታው ልጅ ነው። ሁለቱ ሴቶች በአልትራሳውንድ ታይተው ምንም አልተገኘባቸውም። አንደኛዋ እስከ ዛሬ «ቡናዬን ምድጃ ላይ ጥዬ በከንቱ ወሰዳችሁኝ» ትለናለች። እዚሁ ተቀምጣ እየሳቀች ነው፤ እሰይ፣ ትሳቅብን። ልጁ ግን ጣፊያው ተቀድዶ ተገኘ። በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ አሁን ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱን በከንቱ ካልወሰድን ሦስተኛውን በጊዜው አናደርሰውም ነበር። ነርሷ አባላችን እንደምትለው፣ ያለ ጥፋት የተመለሰ መኪና ኪሳራ አይደለም።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፤ የምንጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ሣጥናችን በዓመቱ መጨረሻ ባዶ ሆኗል። ያለን ሁለት ቃሬዛ ነው፤ አንዱ ሸራው ተቀድዷል። ጓንት፣ ፋሻ፣ የተሠራ ደም ማቆሚያ ማሠሪያ፣ ብርድ ልብስ ያስፈልጉናል። የሠለጠንነውን ዕውቀት በየዓመቱ የሚያድስልን ባለሙያ ያስፈልገናል፤ ያልተደጋገመ ትምህርት ይረሳልና። በደቡብ አፍሪካ ያላችሁ ልጆቻችን ለወንድሞቻችሁ ሞተር ስትገዙላቸው የራስ ቁርም አብራችሁ ግዙላቸው፤ ለኋላ ተሳፋሪዋም አንድ ጨምሩ።

እህቶቻችን ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ ይሁን። በአደጋ ቦታ ዳር ተቀምጣ «እኔ ደህና ነኝ» የምትል ሴት ካያችሁ አጠገቧ ተቀመጡ። እጇን ያዙ፤ ቀዝቅዟል ወይ? ትርታዋን ቁጠሩ። እንድትሄድ ከለመናችኋት እምቢ ብትል ደግማችሁ ለምኗት። እናንተም ራሳችሁ ስትጎዱ እውነቱን ተናገሩ፤ ሣጥኑ የተከፈተው ለዚያ ነው።

አሁን ከመለያየታችን በፊት ሁላችሁም ከጎናችሁ ያለችውን ሴት እጅ ያዙ። ሁለት ጣት፣ ከአውራ ጣቷ በታች። ሰዓት እኛ እንይዛለን። አሥራ አምስት ሰከንድ።

ቁጠሩ።